ድምፅ በ16 ዓመት፦ የመምረጥ ዕድሜን ዝቅ ስለማድረግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዋሽንግተን ከተማ ወሰን ጥቂት ራቅ ብለው በሜሪላንድ ግዛት በሚገኙት በታኮማ ፓርክና በሃያትስቪል ከተሞች፣ 16 ዓመት የሞላው ወጣት የከተማውን ከንቲባና የምክር ቤት አባላት ለመምረጥ ድምፅ ይሰጣል። አካባቢው፣ በተለይም ጎረቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበትና የሚነግዱበት በመሆኑ ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የሩቅ ወሬ አይደለም። ከዚህ በታች የቀረቡት ወጣቶችም ወላጆችም የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

በአሜሪካ የመምረጥ ዕድሜ 18 አይደለም እንዴ? ከዚያ በታች ያለ ወጣት እንዴት ሊመርጥ ይችላል?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 26ኛ ማሻሻያ የሚደነግገው፣ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ በዕድሜው ምክንያት የመምረጥ መብቱን ሊነፈግ እንደማይችል ነው። ማሻሻያው ለ18 ዓመቱ ሰው ዋስትና ሰጠ እንጂ በ17 ዓመቱ ልጅ ፊት በር አልዘጋም። ስለዚህ አንድ ግዛት፣ ወይም የግዛቱ ሕግ የሚፈቅድለት ከተማ፣ ከፈለገ ከ18 በታች ላሉትም ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። በሜሪላንድ ከተሞች በመተዳደሪያ ቻርተራቸው የገዛ ምርጫቸውን መራጮች የመወሰን ሥልጣን ስላላቸው፣ ታኮማ ፓርክ በ2013 ከአገሪቱ ከተሞች ቀድማ ዕድሜውን ወደ 16 አወረደች፤ ሃያትስቪል በ2015፣ ግሪንቤልት ደግሞ በ2018 ተከተሏት። መብቱ ግን ከከተማው ምርጫ አይዘልም። ያው ወጣት ለካውንቲ (ከግዛት በታች ላለው አስተዳደር)፣ ለግዛት፣ ለኮንግረስም ሆነ ለፕሬዚዳንት ለመምረጥ 18 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት።

18 የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት መጣ?

ከጦርነት መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1942፣ የአሜሪካ መንግሥት ለውትድርና የሚመለመሉትን ወጣቶች ዝቅተኛ ዕድሜ ወደ 18 ሲያወርደው፣ በሁሉም ግዛቶች ለመምረጥ ግን 21 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። «ለመዋጋት ከደረሰ ለመምረጥም ደርሷል» የሚለው መፈክር የተወለደው ያኔ ነው። ጆርጂያ በ1943 ቀድማ ወደ 18 ወረደች፤ የዌስት ቨርጂኒያው የኮንግረስ አባል ጄኒንግስ ራንዶልፍ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል ከ1942 ጀምሮ 11 ጊዜ ሐሳብ አቀረቡ። ነገሩ ተገፍቶ ከዳር የደረሰው ግን የቬትናም ጦርነት የ18 እና የ19 ዓመት ልጆችን አስከሬን ወደየቤታቸው ሲልክ ነው። ኮንግረስ በ1970 ዕድሜውን በተራ ሕግ ለማውረድ ሞከረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሕጉ የሚሠራው ለፌዴራል ምርጫ ብቻ ነው፣ የግዛቶችን ምርጫ ኮንግረስ ሊያዝበት አይችልም ሲል ፈረደ። በዚህ የተነሳ በአንድ ምርጫ ጣቢያ ሁለት ዓይነት የመራጮች መዝገብ መያዝ ግድ ሊሆን ሆነ፤ ከዚህ ውዥንብር ለመውጣት ማሻሻያው በመጋቢት 1971 በኮንግረስ አልፎ በሐምሌ 1 ጸደቀ። አንድም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዚህ ፍጥነት፣ ማለትም በ100 ቀን ገደማ፣ ጸድቆ አያውቅም።

ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው፣ 18 የሚለው ቁጥር የሰውን አእምሮ አስተዳደግ በማጥናት የተገኘ አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ከ21 ወደ 18 ሲወርድ የተነሱት ክርክሮች፣ ዛሬ ከ18 ወደ 16 ይውረድ ሲባል ከሚነሱት ጋር በአብዛኛው አንድ ናቸው።

ወጣቶቹ ራሳቸው ምን ይላሉ? ሁሉም ይፈልጉታል ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ወጣት ሁሉ «ድምፅ ስጡኝ» እያለ እንደሚጮህ አድርጎ ያስባል፤ እውነቱ ግን ወጣቶች በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ወላጆቻቸው የተከፋፈሉ ናቸው። የብሪታንያ መንግሥት በሐምሌ 2025 የመምረጥ ዕድሜን ወደ 16 ለማውረድ ማሰቡን ባስታወቀበት ሰሞን፣ አይቲቪ የተባለው ቴሌቪዥን 500 የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶችን አስጠይቆ ነበር፤ ዕድሜው ይውረድ የሚሉትና አይውረድ የሚሉት ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተከፈሉ፤ ነገ ምርጫ ቢኖር በእርግጠኝነት እንመርጣለን ያሉት ደግሞ ከአምስቱ አንድ እንኳ አልሞሉም። ይህን የዕድሜውን መውረድ የሚቃወሙ ሰዎች እንደ ድል ያነሱታል። ነገር ግን ተመሳሳይ ጥርጣሬ በአዋቂዎችም ዘንድ ሞልቷል፤ «መርጬ ምን ሊለወጥ» የሚል የ45 ዓመት ሰው መብቱን አይነጠቅም።

የሚደግፉት ወጣቶች በብዛት የሚያነሱት ነገር ዕለታዊ ኑሯቸውን የሚነካ ነው። የታኮማ ፓርክ ከተማ ምክር ቤት የራሱ ፖሊስ፣ የራሱ ቤተ መጻሕፍትና የመዝናኛ ማዕከል ያለው ሲሆን፣ የቤት ኪራይ በዓመት ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል የሚገድብ ደንብም አለው። ወላጆቹ በኪራይ አፓርታማ የሚኖሩ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቤተ መጻሕፍት የሚያጠና፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፖሊስ የሚያስቆመው የ16 ዓመት ልጅ በእነዚህ ውሳኔዎች የሚነካው ከማንም ባልተናነሰ ሁኔታ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የሞትና የሕይወት ጉዳይ አለ። በየካቲት 2018 በፍሎሪዳ ግዛት በፓርክላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተኩስ 17 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ከጥቃቱ የተረፉት ተማሪዎች በመጋቢት ወር በዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ መሩ፤ ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ግን ስለ ጦር መሣሪያ ሕግ የሚወስኑትን የምክር ቤት አባላት ለመምረጥ ዕድሜያቸው አይፈቅድም ነበር። ግብርም ይነሳል፤ በሜሪላንድ ልጆች ከ14 ዓመት ጀምሮ በፈቃድ ወረቀት ሊሠሩ ይችላሉ፣ ሸቀጥ ሲገዙም እንደማንኛውም ሰው የሽያጭ ግብር ይከፍላሉ።

በስደተኛ ቤተሰብ ያደጉ ወጣቶች ደግሞ የራሳቸው የሆነ ምክንያት አላቸው። ከመብራት ኃይል የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፣ በሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው፣ የትምህርት ቤቱን ቅጽ የሚሞላው ልጁ ነው። አያቱ ዜግነት አግኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ልትሰጥ ስትሄድ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ያለውን ረጅም የእንግሊዝኛ ጥያቄ በአማርኛ የሚያስረዳትም እሱ ነው። ወረቀቱን ተረድቶ ለሌላ ማስረዳት የሚችል ሰው ለራሱ መምረጥ አይችልም የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለው ልጅ አይዋጥለትም፤ ለእኔም አይዋጥልኝም።

የሚቃወሙት ወጣቶችስ ምክንያታቸው ምንድን ነው?

ሦስት ዓይነት ምክንያት ይሰማል፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። አንደኛው፣ በቂ እውቀት የለንም የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ራሳቸውን በጥብቅ የሚመዝኑ፣ በትምህርታቸውም ጠንካራ የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ስለ መንግሥት አሠራር የተማርነው ጥቂት ነው፣ የቀረውን የምናገኘው ከቲክቶክና ከኢንስታግራም ነው ይላሉ። ሁለተኛው ለፖለቲከኞች መጠቀሚያ እንሆናለን የሚል ስጋት ነው። የትኛው ፓርቲ ዕድሜው እንዲወርድ እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልግ ያያሉ፤ በአሜሪካ ሐሳቡን አብዝተው የሚደግፉት ዴሞክራቶች መሆናቸውን ሲያስተውሉ፣ «የተፈለግነው ለመብታችን ነው ወይስ ለድምፃችን?» ብለው ይጠይቃሉ። ሦስተኛው የሕጎችን እርስ በርስ መስማማት ይመለከታል፤ ውል ለመፈረምና በዳኝነት ሸንጎ (ጁሪ) ለመቀመጥ 18፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሲጋራ ለመግዛት 21፣ አልኮል ለመግዛትም 21 ዓመት የሚጠይቅ አገር፣ የመምረጫውን ብቻ ነጥሎ ወደ 16 ማውረዱ እርስ በርሱ ይጋጫል ይላሉ።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ቅንነት የሞላበት ቢሆንም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የአሜሪካ ታሪክ «እውቀት የሌለው አይምረጥ» የሚለውን መንገድ ሞክሮታል፤ በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ዜጎችን ከምርጫ ለማራቅ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው የንባብ ፈተና በ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ የታገደው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ከአዋቂ መራጭ የእውቀት ፈተና አይጠየቅም። ስለዚህ የእውቀት ጉድለቱ እውነት ከሆነ መፍትሔው የሥነ ዜጋ ትምህርቱን ማጠናከር ይመስለኛል። ሦስተኛው ክርክር ግን ቀላል መልስ የለውም። የሲጋራና የአልኮል ዕድሜ ጤናን ለመጠበቅ የተደነገገ በመሆኑ ከድምፅ ጋር አይነጻጸርም ማለት ይቻላል፤ የዳኝነት ሸንጎው ነገር ግን በሌላ ሰው ነጻነት ላይ መወሰንን ስለሚመለከት ከምርጫ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ እሱን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም።

የ16 ዓመት ልጅ አእምሮ ለመምረጥ በስሏል?

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የቴምፕል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሎረንስ ስታይንበርግ ናቸው። እሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ11 አገሮች ከ5,000 በላይ ሰዎችን አጥንተው በ2019 ያሳተሙት ሥራ ሁለት ዓይነት ብስለትን ይለያል። አንዱ ተረጋግቶ፣ መረጃ አገላብጦ፣ ጊዜ ወስዶ የማሰብ ችሎታ ነው፤ ይህ በ16 ዓመት አካባቢ የአዋቂን ደረጃ ይይዛል። ሌላው በስሜት በተጋለበ ጊዜ፣ በተለይም ጓደኞች ባሉበት፣ ራስን የመግታት ችሎታ ነው፤ እሱ ከ18 ዓመትም በኋላ ማደጉን ይቀጥላል። መኪና በፍጥነት መንዳት ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ ድምፅ መስጠት ግን ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ፣ በግል የሚፈጸም፣ ለወራት ሊታሰብበት የሚችል ነገር ስለሆነ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ሜሪላንድ የ15 ዓመት ከ9 ወር ልጅ የመኪና መለማመጃ ፈቃድ እንዲያወጣ እንደምትፈቅድ ሲታሰብ፣ የበለጠ አደጋ ያለውን ቀድማ ሰጥታ ያነሰውን አዘግይታለች ማለት ነው።

ልጆች አባትና እናታቸው የመረጡትን ደግመው ከመምረጥ ያልፋሉ?

ስኮትላንድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ትሰጣለች። ለ2014ቱ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ የመምረጥ ዕድሜው 16 በተደረገ ጊዜ፣ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣቶችንና ከወላጆቻቸው አንዱን ለየብቻ ጠይቀው ነበር፤ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወጣቶች ከተጠየቀው ወላጃቸው የተለየ አቋም ይዘው ተገኙ። በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ ስለ ከተማው ምክር ቤት ዕጩዎች ከልጁ የሰማውን ይዞ የሚመርጥ አባት ብርቅ አይደለም። ባልና ሚስትም ተመካክረው ይመርጣሉ፣ ይህ ግን የማንንም መብት ሲያሳጣ አልታየም።

ዕድሉ የተሰጣቸው ወጣቶች በተግባር መረጡ?

በብዙ ቦታ መርጠዋል። በታኮማ ፓርክ የመጀመሪያው ምርጫ፣ በ2013፣ ከተመዘገቡት የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች 44 በመቶ ሲመርጡ የአጠቃላዩ መራጭ ተሳትፎ 10 በመቶ አካባቢ ነበር። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ታኮማ ፓርክ ወደ 17,000 ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ በመሆኗ የተመዘገቡት ወጣቶች ቁጥር ጥቂት ነበር፣ አስቀድሞ የተመዘገበ ወጣት ደግሞ ድሮውንም ፍላጎት ያለው ነው። ሰፊው ማስረጃ አሁንም የስኮትላንድ ነው። ለሕዝበ ውሳኔው ከ109,000 በላይ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ተመዘገቡ፤ የብሪታንያ የምርጫ ኮሚሽን በኋላ ባደረገው ጥናት 75 በመቶው መምረጣቸውን ሲናገሩ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ግን መርጠናል ያሉት 54 በመቶ ነበሩ። ያኔ የስኮትላንድ ወግ አጥባቂዎች መሪ የነበሩት ሩት ዴቪድሰን ይህን ካዩ በኋላ አቋማቸውን ለውጠው የ16 ዓመት ድምፅ ደጋፊ ሆነዋል።

ታናናሾቹ ከታላላቆቻቸው የበለጡበት ምክንያት ብዙም ምሥጢር የለውም። የ16 ዓመት ልጅ ቤተሰቡ ጋር ይኖራል፤ አድራሻው አልተለወጠም፣ ምርጫ ጣቢያውን ያውቀዋል፣ መምህሩም እናቱም ያስታውሱታል። የ18 ዓመቱ ወጣት ግን የመጀመሪያ ድምፁን እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሥራ ከቤት በወጣበት፣ መዝገቡን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ማዛወር በሚኖርበት ሰሞን ነው።

ልጄ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የላትም። በታኮማ ፓርክ ልትመርጥ ትችላለች?

በከተማው ምርጫ ትችላለች። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፉ የፈቀደች ከተማ ናት፤ የ16 ዓመቱ ድንጋጌም ለእነሱ ይሠራል። ሆኖም እዚህ ላይ ስሕተት ከተፈጸመ መዘዙ ከባድ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው መመዝገብ ያለበት በከተማዋ ጸሐፊ ቢሮ በኩል ለከተማ ምርጫ ብቻ በተዘጋጀው ቅጽ ነው። የግዛቱን የመራጭ ምዝገባ ቅጽ፣ የመንጃ ፈቃድ በሚወጣበት መሥሪያ ቤት የሚቀርበውንም ጨምሮ፣ ፈጽሞ መሙላት የለበትም፤ ያ ቅጽ «ዜጋ ነኝ» የሚል ፊርማ ስለሚጠይቅ፣ ሳያውቁም ቢሆን መፈረም የዜግነትን ማመልከቻ ከማሰናከል አልፎ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ከዚህ በፊት ተመዝግበው ወይም መርጠው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በከተማው ምርጫ የተሳተፈች ልጅ ምዝገባው ለከተማ ብቻ እንደነበረ የሚያሳየውን ወረቀት ማስቀመጥ አለባት። የወረቀት ጉዳይ ገና ያላለቀለት ቤተሰብ አስቀድሞ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል።

አንድ ሌላ የእኛው ጣጣም አለ። ከኢትዮጵያ ወይም ከስደተኛ ካምፕ የመጡ ልጆች የልደት ቀን ሲመነዘር አንዳንዴ ተሳስቶ፣ አንዳንዴም እንዲሁ ጥር 1 ተብሎ ተመዝግቦ ይገኛል። ለምርጫ የሚታየው ቤተሰቡ የሚያውቀው ዕድሜ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ያለው ነው።

የምንኖርበት ከተማ አልፈቀደም። ከ18 በታች ያለ ወጣት ሌላ ምን ማድረግ ይችላል?

ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ከተማ ስላልሆነ የከተማ ምርጫ የለውም፤ በሞንጎመሪ ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። ሆኖም የካውንቲው የትምህርት ቦርድ አንድ የተማሪ አባል አለው፤ እሱን በየዓመቱ የሚመርጡት የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፣ እሱም በአብዛኞቹ ጉዳዮች እንደ አዋቂዎቹ ድምፅ ይሰጣል። የሆዋርድ ካውንቲ ተመሳሳይ አሠራር በፍርድ ቤት ተቃውሞ ቀርቦበት፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 ሕገ መንግሥታዊ መሆኑን አረጋግጧል። የሜሪላንድ ዜጋ የሆነ ወጣት በ16 ዓመቱ አስቀድሞ በመራጭነት መመዝገብ፣ በአጠቃላይ ምርጫው ቀን 18 የሚሞላው ከሆነም በ17 ዓመቱ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። ከ16 ዓመት ጀምሮ በወላጅ ፈቃድ የምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚ ሆኖ በክፍያ መሥራትም ይፈቀድለታል። የአዋቂን ስም ከመዝገብ የሚያመሳክር፣ ራሱ ግን የማይመርጥ ልጅ በዚህ አገር የተለመደ ነው።

ወላጆቼ «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ» ይላሉ። እንዴት ላስረዳቸው?

በመጀመሪያ የሚሉት ከምን እንደመጣ መረዳት ተገቢ ነው። ይህ አባባል ከተሞክሮ የወጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ከተላኩት ብዙ ሺህ ወጣቶች መካከል ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ብዙ ነበሩ፤ ቀጥሎ በመጣው ቀይ ሽብር ከዚያ ትውልድ ስንቱ እንዳለቀ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን ያዩ ወላጆችም አሉ። ልጄ ስሙን በመዝገብ አያስገባ የሚል አባት ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ይህን በፈገግታ ማለፍ አይገባም።

ሊረዳ የሚችለው ነገር የምርጫውን ዓይነት ለይቶ ማሳየት ነው። የከተማ ምክር ቤት ምርጫ በአብዛኛው የመንገድ ጥገና፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ የኪራይና የመናፈሻ ጉዳይ ነው፤ በታኮማ ፓርክ ዕጩዎች በፓርቲ ስም አይወዳደሩም። ወላጆችን በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ይዞ መገኘት፣ ዕጩዎች በራቸውን ሲያንኳኩ አብሮ ቆሞ መስማት ከረጅም ክርክር ይሻላል። በአንድ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ካለ ሌሎቹም ይከተላሉ የሚለውን የምርጫ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያነሱታል፤ ዜግነት ወስዶ አንድ ጊዜም መርጦ የማያውቅ አባት በልጁ ምክንያት ቢመዘገብ የሚገርም አይሆንም።

በኢትዮጵያስ ዕድሜውን ማውረድ ይቻላል?

በኢትዮጵያ ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ ደግሞ 21 ዓመት ያስፈልጋል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመምረጥ 21 ዓመት ይጠየቅ ስለነበር፣ አገሪቱ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ዝቅ ብላለች። አሁን ያለው የ18 ዓመት ገደብ የሚገኘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ነው። አንቀጹ የሚገኘው በምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም በመሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች ምዕራፍ ውስጥ በመሆኑ፣ እሱን ለመለወጥ በአንቀጽ 105 የተቀመጠውን ጠንካራ መንገድ መከተል ያስፈልጋል፤ ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሊቀበሉት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል። አንድ ክልል እንቢ ካለ ጉዳዩ ይቆማል።

የወጣትነት ትርጉም ግን ከዚህ ቁጥር ጋር አይገጥምም። የ1996 ዓ.ም. የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በ15 ዓመት መቀጠርን ይፈቅዳል፤ የወንጀል ሕጉም ከ15 ዓመት በላይ ያለውን ተከሳሽ በመሠረቱ እንደ አዋቂ ያየዋል። በ15 ዓመቱ ሠራተኛም ተጠያቂም ሊሆን የሚችል ሰው እስከ 18 ድምፅ የለውም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በእኔ ግምት በኢትዮጵያ የሚቀድመው የዕድሜ ማረጋገጫው ነገር ነው፤ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመሆኑ፣ በገጠር የአንድን ልጅ 16 እና 18 መለየት በምስክር ቃል ላይ የሚንጠለጠልበት ቦታ ብዙ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አድርገዋል?

ኦስትሪያ በ2007 ለሁሉም ምርጫ ወደ 16 ወረደች፤ ማልታ በ2018 ተከተለች። ብራዚል በ1988ቱ ሕገ መንግሥቷ ለ16 እና ለ17 ዓመት ወጣቶች በፈቃደኝነት እንዲመርጡ ፈቀደች፤ ከ18 እስከ 70 ዓመት ላሉት ግን መምረጥ ግዴታ ነው። በ2022ቱ ምርጫ ከ2 ሚሊዮን በላይ የዚህ ዕድሜ ብራዚላውያን በፈቃዳቸው ተመዝግበው ነበር። በጀርመን የ16 ዓመት ወጣቶች በ2024 ለአውሮፓ ፓርላማ መርጠዋል፤ ለፌዴራል ምክር ቤታቸው ግን ገደቡ 18 ነው። በእስራኤል ለከተማ ምርጫ 17፣ ለክኔሴት (ለአገሪቱ ፓርላማ) 18 ነው፤ የቤተ እስራኤል ወጣቶችም የከተማቸውን ከንቲባ የሚመርጡት በዚሁ ዕድሜ ነው። ማሌዥያ ደግሞ ተማሪዎች በጀመሩት ዘመቻ በ2019 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከ21 ወደ 18 ወርዳለች። በተቃራኒው የሄደም አለ፤ ኢራን በ2007 ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጋዋለች።

በመላው አሜሪካ 16 የሚሆንበት ቀን ቅርብ ነው?

ቅርብ አይመስልም። በመጋቢት 2019 የማሳቹሴትሷ ዴሞክራት የኮንግረስ አባል አያና ፕረስሊ ለፌዴራል ምርጫ ዕድሜው 16 እንዲሆን ያቀረቡት ሐሳብ በ126 ድጋፍና በ305 ተቃውሞ ወድቋል፤ ከራሳቸው ፓርቲም ብዙዎች አልደገፉትም። የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤትም በ2018 ቀርቦለት የነበረውን ረቂቅ ወደ ጎን አድርጎታል። በሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በ2016ም በ2020ም በጠባብ ልዩነት አልተቀበሉትም። እየተንቀሳቀሰ ያለው በከተማና በትምህርት ቦርድ ደረጃ ነው፤ የኒው ጀርሲዋ ኒውአርክ በ2025 የ16 ዓመት ወጣቶችን ለትምህርት ቦርድ ምርጫ አሳትፋለች።

ሕግ ከወጣ በኋላም መጠበቅ አለ። የካሊፎርኒያዋ በርክሊ ነዋሪዎች የ16 ዓመት ወጣቶች ለትምህርት ቦርድ እንዲመርጡ በ2016 ፈቀዱ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባት ጎረቤቷ ኦክላንድ ደግሞ በ2020። የካውንቲው የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሥርዓቱን እስኪያዘጋጅ ድረስ ግን ሁለቱም ከተሞች ጠብቀው፣ ወጣቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በኅዳር 2024 ነው። በ2016 በ16 ዓመታቸው ለበርክሊው ድንጋጌ የተሟገቱት ተማሪዎች በዚያን ቀን 24 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።